ስንት ቀን? ከፎገራ የሩዝ ማሳዎች የተያዘ ትዝብት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲሄዱ፣ ሐሙሲትን አልፈው የጉማራን ድልድይ ከተሻገሩ በኋላ አገሩ ሜዳ ነው። ሜዳው በሐምሌ ውሃ፣ በመስከረም አረንጓዴ፣ በኅዳር ቢጫ ይሆናል። እስከ ወረታ ድረስ ግራና ቀኙ ሩዝ ነው። ከስልሳ ዓመት በፊት እዚህ ሩዝ የሚዘራ ገበሬ አልነበረም።

ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ስመላለስ በኪሴ ይዤው ከነበረው ደብተር የሚከተለውን ገለበጥኩ።

፠

ሩዝ ወደ ፎገራ የገባው በደርግ ዘመን ነው። ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ማኅበራት አላመዱት። ማኅበራቱ ፈረሱ። ባለሙያዎቹ አገራቸው ገቡ። ሩዙ ቀረ።

ገበሬው ያን ጊዜ የተላመደውን ነጭ ሩዝ «ኤክስ ጅግና» ይለዋል። ከዚያ ወዲህ ምርምር ብዙ ዝርያ አውጥቷል፤ ጉማራ፣ እድገት፣ ሻጋ፣ ኔሪካ። ወረታ ላይ ለሩዝ ብቻ የቆመ ብሔራዊ የምርምርና የሥልጠና ማዕከል አለ። ኤክስ ጅግናን ለምን እንዳልተዉት ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅሁ። ነጭ ነው አሉኝ። ብርዱን ይችላል አሉኝ። ገለባው ብዙ ነው አሉኝ።

ስለ ገለባው ሲናገሩ ድምፃቸው ይጠነክራል።

፠

አሁን ለገበሬው በሚሰጠው ሥልጠና ላይ የሚቀርበው የሩዝ አተካከል ዘዴ ከማዳጋስካር የመጣ ነው። አንሪ ደ ሎላኒዬ የተባሉ ፈረንሳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን በ1961 እ.ኤ.አ. ወደ ደሴቲቱ ሄደው ከሠላሳ ዓመት በላይ ከገበሬው ጋር ሠሩ። በ1983 እ.ኤ.አ. ችግኝ በ15 ቀኑ ተነቅሎ ማሳ ገባ። የለመዱት ወር ያህል መጠበቅ ነበር። ለጋው ችግኝ ከአንድ ሥር እጅግ ብዙ አገዳ አወጣ።

ከዚያ የወጣው ትምህርት አጭር ነው። ችግኙ ሁለት ቅጠል ሲያወጣ፣ በ8 እና በ12 ቀን መካከል ንቀል። አንድ አንድ ብቻ ትከል። በየ25 ሳንቲ ሜትሩ ትከል። ማሳውን ዘወትር ውሃ አታስተኛበት። አረሙን በማረሚያ መሣሪያ እያገላበጥህ አፈሩን አናፍስ። ብስባሽ ጨምር።

የሚገዛ ነገር የለበትም ማለት ይቻላል። ለሄክታር ከ5 እስከ 10 ኪሎ ዘር ይበቃል። ፎገራ ላይ በብተና የሚዘራ ገበሬ ለዚያው ስፋት መቶ ኪሎና ከዚያ በላይ ይበትናል። መቶ ኪሎ እህል ከሰኔ እስከ ጥቅምት ላለው የችግር ወቅት ለአንድ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኔ በዘዴው አምናለሁ። የጻፍኩትም ስለማምንበት ነው።

፠

በሥልጠናው ቀን የልማት ሠራተኛዋ ከችግኝ መደቡ አጠገብ ተንበረከከች። ችግኙን አልጎተተችውም። ጣቷን ከሥሩ አስገብታ ከነጭቃው አነሳችውና መዳፏ ላይ አስቀመጠችው። ሁለት ቅጠል። እንደ ክር የቀጠነ ነጭ ሥር። ሥሩ ከሚጀምርበት ላይ ገና ያልረገፈው የዘሩ ቅርፊት።

«ይቺ ስንቁ ናት» አለች፣ ቅርፊቷን እያሳየች። «ከተለየችው ይደነግጣል።»

ከዚያ ሥሩን ጭቃው ላይ ጋደም አድርጋ ወደ ጎን አንሸራተተችው። ወደ ታች አልወጋችውም። ከተወጋ ሥሩ እንደ መንጠቆ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ እስኪቃና ቀናት ይባክናሉ። ከተነቀለም ከግማሽ ሰዓት በላይ ማቆየት ጥሩ አይደለም አለች።

ዙሪያዋን የቆሙት ወንዶች ዝም ብለው ያያሉ። አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ እንዲህ የሚያዝ እኮ አራስ ልጅ ነው» አሉ። ማንም አልሳቀም። እሷም «አዎ፣ አባቴ» አለች።

፠

በሰሌዳው ላይ «25 ሳ.ሜ.» ተጽፏል። ሰዎቹ ይገለብጣሉ። አንዲት ሴት እጃቸውን ዘርግተው ከአውራ ጣታቸው እስከ ትንሿ ጣታቸው አዩና «ስንዝር በሉና» አሉ። ከዚያ በኋላ ሁሉም በእጁ ለካ።

፠

በየስንዝሩ አንድ ችግኝ ማለት በካሬ ሜትር 16 ነው። ለሩብ ሄክታር 40 ሺህ። አርባ ሺህ ጊዜ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ጭቃ ውስጥ ይገባሉ። ይህን ሒሳብ ደብተሬ ላይ ሠርቼ ለአንድ አሠልጣኝ አሳየሁት። «እንዲህ ሲሰላ አይቼ አላውቅም» አለኝ። ቅን ሰው ነው። ቁጥሩን ገልብጦ ወሰደ።

፠

ያን ሁሉ ተከላ «በወንፈል ይሠራል» ይባላል።

ወንፈል የሚሠራው ተራ ስላለ ነው። ዛሬ የአንተን፣ ነገ የእኔን። አጨዳ አንድ ሳምንት ይጠብቃል። ጎጆ ይጠብቃል። ዝናብ ግን ለሁሉም በአንድ ቀን ይጥላል፤ መደቡም በአንድ ሳምንት ይዘራል፤ ችግኙም ለሁሉም በአንድ ሳምንት ይደርሳል። በ12ኛው ቀን ተራው ያልደረሰው ሰው በ20ኛው ቀን ይተክላል። ያኔ የተከለው ያንኑ ሩዝ ነው፤ ዘዴው ግን ሌላ ሆኗል።

፠

በሐምሌ 10 መደብ የዘራ ሰው ችግኙ የሚደርስለት ከ18 እስከ 22 ነው። 19 ቅዱስ ገብርኤል ነው። 21 ማርያም ናት። ቅዳሜና እሑድ የሚውሉበትን ደግሞ እግዜር ያውቃል። የሥልጠናው የቀን መቁጠሪያ እነዚህን አያውቃቸውም። ጠዋት አርባ ሰው ተጠርቶ ስምንት ብቻ የተገኘበትን ቀን አይቻለሁ። በሪፖርቱ ላይ «የአርሶ አደሩ ተነሳሽነት ዝቅተኛ ነው» ተብሎ ተጻፈ። ቀኑ 12 ነበር። ሚካኤል።

፠

ለሥልጠና የሚጠራው የቤቱ አባወራ ነው። ስሙ ተጽፎ ይፈርማል። አበል ካለ እሱ ይቀበላል።

የሚያርሙት ሴቶችና ልጆች ናቸው። ሥልጠናው ላይ የነበሩትን ሴቶች ቆጠርኩ። ከሠላሳ አራት ሰዎች ሦስት ነበሩ፤ ሁለቱ ባል የሞተባቸው ናቸው። በነሐሴ ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብለው ያየኋቸውን ደግሞ ቆጠርኩ። ከሃያ ሁለት ሰዎች አሥራ ዘጠኙ ሴቶችና ልጆች ነበሩ።

አንዱን ባለማሳ ምን እንደተማረ ጠየቅሁት። ደረጃ በደረጃ፣ ሳይሳሳት ነገረኝ። ለባለቤትህስ ነገርካት ወይ አልኩት። «ምኑን?» አለኝ።

፠

«አነስተኛ ግብዓት» የሚለው ቃል መንደር ሲገባ ሌላ ነገር ይሆናል።

በገበሬው አፍ «ግብዓት» ማለት ማዳበሪያ ነው። «ግብዓት ገባ ወይ?» ሲባል ማዳበሪያ መጣ ወይ ማለት ነው። ስለዚህ ባለሙያው ተነስቶ «ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አነስተኛ ግብዓት ነው» ሲል ከፊቱ የተቀመጠው ሰው የሰማው «ማዳበሪያ ሊቀነስባችሁ ነው» የሚል ነበር። ጉርምርምታ ተነሳ። ባለሙያው አልገባውም። ብዙዎቹ ያለፉትን ዓመታት የማዳበሪያ ወረፋ ያልረሱ ሰዎች ናቸው።

አንድ ሰዓት ያህል ከተነጋገሩ በኋላ አንዱ እጁን አውጥቶ «ታዲያ ድርሻችን አይነካም ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሰዓቱ ሙሉ በዚያ ጥያቄ ሥር እንዳለፈ ያኔ ገባኝ።

፠

«ብስባሽ አዘጋጁ።»

ብስባሽ ከእበት፣ ከገለባና ከቅጠል ነው። እበቱ በግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ኩበት ሆኖ ክረምቱን እንጀራ ይጋግራል። ገለባው በግቢው መሐል ተከምሯል፤ የላሞቹ ቀለብ ነው። ሜዳው ላይ ዛፍ የለም።

የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች ናት። ሜዳው የእሷ ነበር። ውሃው ሲሸሽ የሚበቅለውን ሣር ትግጥ ነበር። ሩዙ ግጦሹን ይዞታል። አሁን የምትበላው የሩዙን ገለባ ነው።

አንዲት እናት ብስባሽ እንዲያዘጋጁ ሲነገራቸው ባለሙያውን ወደ ጓዳቸው ወሰዱት። ምጣዱን አሳዩት። ከሥሩ ያለውን ኩበት አሳዩት። ምንም አላሉትም።

፠

ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች አሉ። ከየወፍጮው ጀርባ የገለፈት ክምር አለ። ከሚፈለፈለው ሩዝ አንድ አምስተኛ ያህሉ ገለፈት ነው። አንዳንዱ ክምር ውስጥ ውስጡን ይነዳል፤ ጭሱ ማታ ማታ ከተማው ላይ ይተኛል።

ገለፈት ቶሎ አይበሰብስም። በአየር እጥረት ወደ ከሰልነት ከተቀየረ ግን ለአፈር ይጠቅማል፤ ይህ በምርምር የታወቀ ነው። ወደ አንድ የወፍጮ ባለቤት ሄጄ ገለፈቱን ገበሬ መጥቶ ይወስደዋል ወይ አልኩት። «ማን ይጭንለታል?» አለኝ። ሩዙን ወደ ወፍጮ ያመጣው ጋሪ ባዶውን ሲመለስ ቆሜ አየሁ። አንዱን ባለጋሪ ጠየቅሁት። «ጫን ያለኝ የለም» አለ።

፠

መንገድ ዳር ያለው ማሳ በመስመር ተተክሏል። ከፊቱ ታፔላ አለ። መስመሩ በሲባጎ የተወጠረ ያህል ቀጥ ያለ ነው። ከታፔላው ጀርባ ሃያ እርምጃ ያህል ገባሁ። ከዚያ ወዲያ ብተና ነው። የአንድ ሰው ማሳ ነው።

ባለቤቱን አገኘኋቸው። ሞዴል አርሶ አደር ናቸው፤ የምስክር ወረቀታቸው ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሏል። የትኛው ይሻላል ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የመስመሩ» አሉ ያለ ማመንታት። «አገዳው ይበዛል። ዛላው ይረዝማል። አይወድቅም።»

«ታዲያ ሁሉን ለምን በመስመር አላደረጉትም?»

«እጅ ከየት አመጣለሁ?» አሉኝ። ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ባሕር ዳር የቀን ሥራ ላይ ናቸው። ሴቷ ዓረብ አገር ናት።

ሁለቱም መልሳቸው እውነት ነው። የመስክ ቀን ሲከበር ግን የሚጠየቁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

፠

የልማት ሠራተኛውን ቅጽ አየሁት። ዓምዶቹ እነዚህ ናቸው፦ ስም፣ የማሳ ስፋት፣ ዝርያ፣ ዘር በኪሎ፣ ኤንፒኤስ፣ ዩሪያ፣ ብስባሽ፣ ምርት በኩንታል።

ስንት ሰው ስንት ቀን እንደሠራበት የሚጠይቅ ዓምድ የለም።

ለምን ብዬ ጠየቅሁ። «ከላይ የመጣው እንዲሁ ነው» አለኝ። ከላይ ያሉትንም ጠየቅሁ። «የቤተሰብ ጉልበት አይከፈልበትም፤ ወጪ አይደለም» ተባልኩ። ይህን የነገረኝ ሰው ደግ ነው፤ እናቱ ገበሬ እንደሆኑ ራሱ ነግሮኛል።

እኔ በደብተሬ ላይ አንድ መስመር አሰመርኩና ከአናቱ «ቀን» ብዬ ጻፍኩበት።

፠

ማዳጋስካር ላይ የሆነውን ማስታወስ ይገባል። ዘዴው በተወለደበት አገር ከሞከሩት ገበሬዎች ብዙዎቹ ተዉት። ክሪስቲን ሞዘርና ክሪስቶፈር ባሬት ይህን አጥንተው በ2003 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። ምርቱ አልጨመረም ብለው አልነበረም የተዉት። ሥራው የሚበዛበት ወቅትና ጎተራ ባዶ የሚሆንበት ወቅት አንድ ነው። ድኻው በዚያ ወቅት የሌላ ሰው ማሳ ላይ የቀን ሥራ ሠርቶ የዛሬን ራት ማምጣት አለበት። የራሱን ሩዝ በስንዝር ለመትከል የሚቀረው ቀን የለም።

በዓለም ሊቃውንት ዘንድ የጦፈው ክርክር ግን በሄክታር ስንት ቶን ይገኛል የሚለው ነበር። ለዓመታት በቶን ተከራከሩ።

፠

እኛም አገር ጤፍ በዚሁ በር አልፏል። ዶክተር ታረቀ በርሄ ከሩዙ ዘዴ ተነስተው ጤፍን በችግኝና በመስመር ሞከሩ። ምርቱ አስደነቀ። ከዚያ ጤፍን በመስመር መዝራት በየክልሉ በዘመቻ ተያዘ። የጤፍ ዘር ምን ያህል ደቃቅ እንደሆነ የታወቀ ነው። ገበሬው የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳን በስቶ፣ በዚያ እያንጠባጠበ በቦዩ ላይ ይሄድ ነበር። አንድ ሰው ጠርሙስ ይዞ፣ ሌላው ገመድ፣ ሌላው ቦይ እያወጣ፣ ሌላው አፈር እየመለሰ። ብተና የአንድ ሰው የጠዋት ሥራ ነው።

ዛሬ በጎጃምና በሸዋ መንገድ የማየው ጤፍ አብዛኛው በብተና የተዘራ ነው። ለምን ብዬ ስጠይቅ በብተና ዘሩ ይበዛል፣ ምርቱ ይቀንሳል ብለው ገበሬዎቹ ራሳቸው ይነግሩኛል። ከዚያ ጠርሙሱን ያስታውሱኛል።

፠

እኔን ያስቆመኝን ልጻፍ።

«አንድ በአንድ መትከል አይቻልም» ያሉኝ ሰዎች ታኅሣሥ ላይ ሽንኩርት ሲተክሉ አገኘኋቸው። አንድ በአንድ። በመስመር። በእጅ። ውሃውን በሞተር ከርብ ወንዝ እየሳቡ። ከንጋት እስከ ምሽት።

ከመካከላቸው አንዱን ሰኔ ላይ ያለኝን አስታወስኩት። እጁን ከጭቃው አነሳ።

«ሽንኩርት ብር ነው» አለ።

«ሩዝስ?»

«ሩዝ ቀለብ ነው። ደግሞ ያኔ ክረምት ነው። አረም አለ፤ በቆሎ አለ፤ ዳጉሳ አለ፤ ወባ አለ።» ወደ ሥራው ተመለሰ።

ስለዚህ ነገሩ ጉልበት የለም ማለት ብቻ አይደለም። ደብተሬ ላይ ለዚህ ጥያቄ ባዶ ገጽ ትቼለታለሁ።

፠

በውሃ የተኛ ማሳ ሚቴን ያወጣል። ከሰው ልጅ ሥራ ከሚወጣው ሚቴን አንድ አሥረኛ ያህሉ ከሩዝ ማሳ ነው ይባላል። ስለዚህ በሥልጠናው ላይ ቀዳዳ የበዛበት የፕላስቲክ ቱቦ ታየ። ቱቦውን ማሳው ውስጥ ትቀብረዋለህ። ውሃው ከአፈሩ ወለል 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ሲል ታጠጣለህ። እስከዚያው ማሳው ይናፈሳል። እስያ ውስጥ ቦይና መዝጊያ ባለበት ቦታ ጥሩ እንደሚሠራ ተረጋግጧል።

ፎገራ ላይ በክረምት ውሃውን የሚያመጣው ሰማይና ጉማራ ነው። ጉማራ ሲሞላ ማሳ ብቻ ሳይሆን ቤትም ይገባል። ቱቦውን የያዙት ሰውዬ ዓይናቸውን አጥብበው በቀዳዳዎቹ አሻግረው አዩ። «መዝጊያውስ?» አሉ።

፠

የሚሽከረከረው ማረሚያ በቢሮው በር ላይ ተደግፎ አገኘሁት። ጥርሶቹ ላይ ጭቃ የለም። አፈሩ ዋልካ ነው። ሲረጥብ ይለጠፋል፤ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል። መሣሪያው የሚሠራው በሁለቱ መካከል ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። አንድ ወጣት ጥርሱን አራርቆ፣ ቀለል ባለ ብረት እንዲሠራለት ለወረታ ብየዳ ቤት ሥዕል ሰጥቷል። ሥዕሉን አሳየኝ። በሲጋራ ካርቶን ጀርባ የተሣለ ነው። ከሁሉም በላይ ተስፋ የሰጠኝ ወረቀት እሱ ነበር።

፠

አረም በሚበዛበት ወቅት ጠዋት ወረታ መውጫ ላይ ሰው ቆሞ ቀጣሪ ይጠብቃል። ብዙዎቹ ከደጋ የመጡ ናቸው፤ መሬት የሌላቸው ወጣቶችና ሴቶች። «በመስመር ከተዘራና በመሣሪያ ከታረመ የአረም ቀኑ ይቀንሳል» የሚለውን ትምህርት ከአንዷ ጋር አወራሁት። ጀርባዋ ላይ ሕፃን ነበር።

«ለባለመሬቱ መልካም ነው» አለችኝ። ከዚያ መኪና ቆመ፤ ሮጠች።

፠

የሌላን ሰው መሬት ምርቱን በእኩል ሊካፈል የያዘ ሰው ብስባሽ አይጨምርም። ብስባሽ ጥቅሙ በደንብ እስኪታይ ዓመታት ይፈልጋል። የእኩሉ ውል የአንድ ዓመት ነው። በሬ የሌላቸው ሴቶች መሬታቸውን የሚሰጡት በእኩል ነው። የእነሱ ማሳ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሲሄድ በዓይን ይታያል፤ የቅጠሉ መልክ ቢጫ ያዝ ያደርገዋል። በሥልጠናው አዳራሽ ስለ እኩል ያነሳ አልሰማሁም።

፠

አንድ ነገር ግን ማንም ሳያስተምራቸው ያደርጋሉ።

ሩዙ ሊታጨድ ሲቃረብ፣ አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ፣ ጓያ ይዘው ይገቡና በቆመው ሩዝ መካከል ይበትኑታል። አይታረስም። ማዳበሪያ የለም። ውሃ አይጠጣም። ሩዙ ሲታጨድ ጓያው ቡቃያ ሆኖ ይገኛል፤ በቀረችው እርጥበት ያድጋል። ሥሩ ከአየር ናይትሮጅን ስቦ ለሚቀጥለው ሩዝ ይተውለታል። ከአንድ ማሳ ሁለት አዝመራ።

ጃፓናዊው ማሳኖቡ ፉኩኦካ በሺኮኩ ደሴት ይህን የመሰለ ሥራ ሠርተው ዓለም ሁሉ ያወቃቸው ሰው ናቸው። ሩዙ ሳይታጨድ ገብስና ክሎቨር የተባለ የመኖ ተክል በመካከሉ ይበትኑ ነበር፤ አያርሱም ነበር። በ1975 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መጽሐፍ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሟል። ገለባውን ሁሉ ለማሳው ይመልሱ ነበር።

በሥልጠናው መመሪያ ውስጥ ጓያውን ፈለግሁት። የለም።

ጓያ ደግሞ በችግር ዘመን ብቻውን ሲበላ እግር ይሰብራል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በደምቢያና በፎገራ ብዙ ሰው ሽባ አድርጓል። በምርኩዝ የሚሄዱ አንድ አዛውንት ማሳቸው ዳር ቆመው ልጃቸው ጓያ ሲበትን ያያሉ። አጠገባቸው ቆምኩ። «መሬቱ ይወደዋል» አሉኝ።

፠

የሥልጠናው ዘመን ካለቀ በኋላ ወደ አንድ ቀበሌ ተመለስኩ። ታፔላው ቆሟል። ማሳው ሁሉ ብተና ነው። ጻፍኩና ልሄድ ስል አንዲት ሴት ጠሩኝ። ሥልጠናው ላይ «ስንዝር በሉና» ያሉት ናቸው።

ከቤታቸው ጀርባ፣ ከጉድጓድ ውሃቸው አጠገብ፣ ስምንት አጫጭር መስመር ተክለዋል። አንድ አንድ። በስንዝር። ለዘር ነው አሉኝ። በብተናው ማሳ ውስጥ ባዕድ ሩዝ ይደባለቃል፤ ቀዩ ከነጩ ጋር ይበቅላል፤ ወፍጮ ቤቱ ዋጋ ይጥልበታል። እዚህ ግን መስመሩን ተከትለው ስለሚገቡ ቀዩን ለቅመው ይነቅላሉ። የሚቀጥለው ዓመት ዘር ንጹሕ ይሆናል።

«ማን አሳየዎት?»

«ማን ያሳየኛል? የልማት ሠራተኛዋ ተከለች፤ እኔም አየሁ። ለቀረው ማሳ እጅ የለኝም። ለዚህች ግን አላጣም።»

ይህን ሥራ በየትኛውም ቅጽ ላይ ማግኘት አልቻልኩም። ስምንት መስመር ነው። ለሄክታር ሲሰላ ቁጥር አይሞላም።

፠

ደብተሬን አውጥቼ «ቀን» ያልኩትን ዓምድ አሳየኋቸው። ለትልቁ ማሳ አረሙን ስንት ቀን እንደሚያርሙ ጠየቅኋቸው። ከዚህ በፊት የጠየቃቸው ሰው እንደሌለ ነገሩኝ። በደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

«ፍልሰታ ሳይገባ አንድ ዙር። ያ ስምንት ቀን ነው፤ ልጄ ትምህርት ስለሌላት ሁለት ሆነን። ፍልሰታ ገባ፤ ሁለተኛው ዙር። ያን ጊዜ ጾም ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምንጾመው፤ ጉልበት ያንሳል። እሱ አሥር ቀን በለው። በቡሄ አልገባሁም። ከቡሄ ወዲያ ዝናቡ ከበደ፤ ውሃው እስከ ጉልበት ነበር፤ አልቅት አለ። ከዚያ ሩፋኤል። ከዚያ እንቁጣጣሽ...»

ጣታቸው አለቀ። የሁለቱንም እጆች ጣቶች ፈተው ከመጀመሪያው ጀመሩ።

«ከእንቁጣጣሽ ወዲህ ያለውን አልቆጠርኩትም፤ ቆይ» አሉኝ።